ከላይ ማን፣ ከታች ማን? የማካፈል ሐረግን ወደ አልጀብራ መቀየር

«አንድ ቁጥር ለ6 ሲካፈል ውጤቱ 9 ነው» ሲባል 6/ሀ = 9 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል። ማካፈል አቅቶት አይደለም፤ 54ን ለ6 አካፍል ብትሉት ወዲያው 9 ይላችኋል። የሚሰናከለው ከቃል ወደ ምልክት ሲሻገር ነው። በመደመርና በማባዛት ቦታ ቢለዋወጥ ጉዳት የለውም፤ ሀ + 6 እና 6 + ሀ አንድ ናቸው። በማካፈል ግን 54/6 ዘጠኝ ሲሆን 6/54 ከአንድ ዘጠነኛ አያልፍም። ስለዚህ የማካፈል ሐረግ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ከላይ ማን፣ ከታች ማን?» ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ቸር ቋንቋ ነው። መልሱን ቁጥሩ ላይ ለጥፎ ይሰጣል። «ሀ ለ6 ሲካፈል» እና «ለ6 ሀ ሲካፈል» ቢገለባበጡም ሁለቱም ሀ/6 ናቸው፤ ምክንያቱም «ለ» ከ6 ጋር ተጣብቃ ሄዳለች። ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ በተለጠፈችው ፊደል ላይ ነው። ተማሪ ሲሳሳት ባብዛኛው ቁጥሮቹን በተጠሩበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች እየደረደረ ነው።

ለማይታወቀው ቁጥር ሀን እጠቀማለሁ። በመማሪያ መጽሐፍ ኤክስ ወይም ዋይ ታገኛላችሁ፤ ሥራቸው አንድ ነው። የግዕዝ ፊደል ስትመርጡ ግን ለን፣ በን፣ ከን እና የን አትንኩ። «ለ ለ4 ሲካፈል» ብሎ የጻፈ ሰው ራሱም ተመልሶ አያነበውም።

ስሞቹን እንያዝ። 20 ÷ 4 = 5 በሚለው ውስጥ 20 ተካፋይ፣ 4 አካፋይ፣ 5 ድርሻ ነው። በክፍልፋይ ሲጻፍ ተካፋዩ ላዕል፣ አካፋዩ ታህት ይሆናል። ይህ ÷ የሚለው ምልክት ለማካፈል በ1659 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ዮሐን ራህን ካሳተመው ጀምሮ አለ፤ አልጀብራ ውስጥ ግን ቶሎ ብትተዉት ይሻላል። አግድም መስመር የትኛው ከትኛው በላይ እንደሆነ በዓይን ያሳያል፤ ÷ አያሳይም።

«ድርሻ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ስላለው ትንሽ ልቆይበት። «የሀ እና የ5 ድርሻ» ሲባል ድርሻ የሚነግረን አካፍሉ ብሎ ነው፤ የሚጻፈው ሀ/5 ብቻ ነው፤ እኩል ይሆናል የሚባል ነገር የለም። ይህ አልጀብራዊ መግለጫ ነው። «ድርሻው 7 ነው» ሲባል ደግሞ የመካፈሉ ውጤት 7 ሆኗል ማለት ነው፤ አሁን = ይገባል፤ ሀ/5 = 7። ይህ እኩልታ ነው፤ በአንዳንድ መጽሐፍ የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ይባላል። መግለጫን «ፍታ» ማለት አይቻልም፤ የሚፈታው እኩልታ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለውን ሐረግ እኩልታ አድርጎ፣ በገዛ እጁ = 0 ጨምሮ ሀን ለማግኘት የሚታገል ልጅ ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው።

ቅደም ተከተል የሚወስነውም በዚሁ ሐረግ ላይ ነው። «የሀ እና የ5 ድርሻ» ውስጥ ሁለቱም «የ» ስለያዙ ቅጥያው አያግዝም፤ ስምምነቱ ቀድሞ የተጠራው ከላይ ይሆናል የሚል ነው። ስለዚህ «የ5 እና የሀ ድርሻ» 5/ሀ ነው፤ ሀ ዜሮ አለመሆኑንም አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ታህት ላይ ፊደል በተቀመጠ ቁጥር ይህን ማስታወሻ ማኖር ልማድ ይሁን።

«ተካፈለ» እና «አካፈለ»

አብዛኛው ስህተት የሚወለደው ግሱ ውስጥ ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

ሀ ለ12 ሲካፈል 3 ይሰጣል።
ሀ 12ን ሲያካፍል 3 ይሰጣል።

የመጀመሪያው ሀ/12 = 3 ነው፤ ሀ 36 ይሆናል። ሁለተኛው 12/ሀ = 3 ነው፤ ሀ 4 ይሆናል። ሁለቱንም ያስጀመረው ሀ ነው። ልዩነቱን ያመጡት «ሲካፈል» ወደ «ሲያካፍል» መዞሩና 12 ላይ «ለ» የነበረው «ን» መሆኑ ነው። «ን» የያዘ ቁጥር የሚቆረሰው እሱ ስለሆነ ወደ ላይ ይሄዳል፤ «ለ» የያዘ ወደ ታች። «ሀን ለ12 ብናካፍል» ሲባል ሁለቱም ስላሉ ምንም ጥርጣሬ አይኖርም፤ ጥያቄ የምታወጡ ከሆነ ለጀማሪ ይህን አቀራረብ ምረጡ።

ቀጥሎ ያለው ግን ጎበዙንም ይጥለዋል። «30 ብር ለሀ ልጆች ቢካፈል» 30/ሀ ነው፤ ቀላል። «ሀ ልጆች 30 ብር ቢካፈሉ»ስ? ግሱ ያው «ተካፈለ» ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሀ ልጆች። «የሲካፈል ባለቤት ከላይ ነው» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ሀ/30 ይጽፋል። ስህተት ነው። «ተካፈለ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ተቆረሰ፣ ተከፋፈለ፤ ሌላው እርስ በርስ ተከፋፈሉት። ሰዎች ሲካፈሉ እነሱ አይቆረሱም፤ የሚቆረሰው ብሩ ነው። መለያው ግሱ በብዙ ቁጥር መምጣቱና «ብሩን» ብትሉበት ዓረፍተ ነገሩ አለመፍረሱ ነው፦ «ልጆቹ ብሩን ተካፈሉ»። «ን» መግባት ከቻለች የያዘችው ቃል ከላይ ነው። ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ልጅ 5 ብር ደረሰው ብላችሁ ብትዘጉት 30/ሀ = 5፣ ሀ = 6 ነው።

በዚያው ላይ «ለእያንዳንዱ 5 ብር ቢሰጥ 30 ብር ለስንት ልጅ ይበቃል?» የሚል አለ። እዚህ «ለ» ሁለት ቦታ ታየች። «ለእያንዳንዱ 5» አካፋዩን ሰጠን፤ «ለስንት ልጅ» ደግሞ የምንፈልገው መልስ ነው፤ ስለዚህ 30/5 = ሀ። ጥያቄ ቃል የተሸከመች «ለ» ወደ ታህት አትወርድም፤ ወደ ማዶ፣ ከ = ባሻገር ትሄዳለች።

«ውስጥ» ሲመጣ ደግሞ አቅጣጫው ይዞራል። «5 ሀ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?» ሀ/5 ነው፤ የያዘው ዕቃ ከላይ፣ የሚገባው ከታች። «ከሀ ውስጥ 5 ስንት ጊዜ ይወጣል?» ቢባልም ያው ነው። ነገር ግን «ከ5 ተማሪዎች 2ቱ» ስንል 2/5 ነው፤ «ከ» የያዘው ታች ሆነ። ስለዚህ «ከ»ን ብቻዋን አትመኑ፤ ከጎኗ «ስንት ጊዜ» አለ ወይስ የለም የሚለውን እዩ።

«በ»ም እንዲሁ ታታልላለች። «በ4 ሲባዛ» ማባዛት ነው። በንግግር «በ4 ሲካፈል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ያ ከ«ለ4 ሲካፈል» አይለይም። ዳኛው ቅጥያው ሳይሆን ግሱ ነው። ግስ ሳይኖር «በሰዓት»፣ «በሊትር»፣ «በኪሎ»፣ «በነፍስ ወከፍ» ሲመጣ ግን ያለ ጥርጥር «በ» የያዘው ከታች ነው። በ8 ሊትር ቤንዚን ሀ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በሊትር ሀ/8 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ፈጀ ቢባል 8/ሀ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ሀ ብር ከሆነ፣ ኩንታል 100 ኪሎ ነውና የኪሎው ዋጋ ሀ/100 ብር ነው።

«አካፍል» ሳይባል የሚመጣ ማካፈል

ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አስራት፤ እነዚህ ሁሉ ታህት ይዘው ነው የሚመጡት። የሀ ሲሶ ሀ/3፣ የሀ ሩብ ሀ/4፣ የሀ አስራት ሀ/10 ነው። ያረሰውን እህል ከባለመሬቱ ጋር በሲሶ የሚካፈል ገበሬ ሀ/3 የሚል ጽሑፍ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ሒሳቡን ግን አይስትም። ተማሪን የሚያሳስተው ቃሉ አይደለም፤ የቱ ሲሶ እንደተወራ ነው። «የደመወዙን ሲሶ ለቤት ኪራይ ከፍሎ 4000 ብር ቀረው» ሲባል ደመወዙን ደ ብሎ ደ/3 = 4000 መጻፍ ይቀናል። ሲሶው ግን የሄደው ነው እንጂ የቀረው አይደለም፦

ደ − ደ/3 = 4000

ደ ውስጥ ሦስት ሲሶ አለ፤ አንዱ ሲሄድ ሁለት ይቀራል፤ 2ደ/3 = 4000፣ ደ = 6000። መልሱን ወደ ወሬው መልሱት፦ የ6000 ሲሶ 2000፣ የቀረው 4000።

ሌላው ወጥመድ «ለግማሽ» ነው። የሀ ግማሽ ሀ/2 ነው። «ሀ ለግማሽ ሲካፈል» ግን ሀ ÷ 1/2 ነው፤ ይኸውም 2ሀ። በዕለት ተዕለት ንግግር «ለግማሽ ተካፈሉት» ስንል እኩል ለሁለት ማለታችን ስለሆነ ጆሮ ወደ ሀ/2 ይጎትታል። ፈተና ላይ ከመጣ በቃሉ ሂዱ፤ በ10 ሊትር ውስጥ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ስንት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ አስቡት፤ 20 ጊዜ።

«ሦስት እጥፍ ያነሰ» የሚለውን ግን እኔ አልወደውም። አንዳንዱ ሀ/3 ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው ሦስት እጥፉን ከራሱ ላይ ለመቀነስ ይሞክራል። ጥያቄ አውጪ ከሆናችሁ «ሲሶው» በሉ፤ ተፈታኝ ከሆናችሁ ሀ/3 ብላችሁ ሂዱ፤ የሚያወጡት ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።

ድምርና ልዩነት ሲቀላቀሉበት

እነዚህ ሦስቱ ሲጠሩ ይመሳሰላሉ፤ ሲጻፉ ይለያያሉ፦

የሀ እና የ6 ድምር ለ2 ሲካፈል፦ (ሀ + 6)/2
ሀ ለ2 ተካፍሎ 6 ሲደመርበት፦ ሀ/2 + 6
ሀ ላይ የ6 እና የ2 ድርሻ ሲደመር፦ ሀ + 6/2

በሀ ቦታ 10 አስገቡ፤ 8፣ 11 እና 13 ይወጣሉ። ሦስት ሐረግ፣ ሦስት መልስ።

እዚህም ሰዋስዉ ያግዛል። «ተካፍሎ»፣ «ተደምሮ»፣ «ተቀንሶ» የሚሉት ግሶች መጀመሪያ የተሠራውን ይነግራሉ፤ «ሲካፈል»፣ «ሲደመር» የሚሉት በመጨረሻ የተሠራውን። «6 ተደምሮበት ለ2 ሲካፈል» ካለ፣ ሲካፈል ድምሩ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ቅንፍ ያስፈልገዋል። «ለ2 ተካፍሎ 6 ሲደመርበት» ካለ ቅንፍ አያሻም። ግስ በሌለበት ደግሞ «የ» ማን ላይ እንዳለ እዩ። «የሀ እና የ6 ድምር ግማሽ» ድምሩን ነው የሚገምሰው። «የሀ ግማሽ እና የ6 ድምር» ሀን ብቻ።

መቀነስ ሲገባ «ከ» የያዘው ቀድሞ ይጻፋል። «ከሀ እና ከ4 ድርሻ ላይ 3 ሲቀነስ» ሀ/4 − 3፤ «የሀ እና የ4 ድርሻ ከ10 ሲቀነስ» 10 − ሀ/4። ሁለተኛውን ሀ/4 − 10 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ድርሻው ቀድሞ ስለተጠራ እጅ ቀድሞ ይጽፈዋል።

በወረቀት ላይ ረጅሙ የክፍልፋይ መስመር ራሱ ቅንፍ ነው፤ ሀ + 6 በሙሉ በላዩ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ሌላ ቅንፍ አያስፈልገውም። ስልክ ወይም ካልኩሌተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያ መስመር የለም። (ሀ + 6)/2 የሚለውን ያለ ቅንፍ ከጻፋችሁት ማሽኑ 6ን ብቻ ለ2 ያካፍላል። «መልሴ ልክ ነበር፣ ካልኩሌተሩ ሌላ አወጣ» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። በእጅ ስትጽፉም መስመሩን አታሳጥሩ፤ ከ6 በታች ብቻ የተሰመረች አጭር መስመር ሌላ መግለጫ ናት።

= የት ይገባል?

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር እኩልታ ሲጻፍ = ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ተነቅሎ መሃል ይገባል። «ነው»፣ «ይሆናል»፣ «ይሰጣል»፣ «ይደርሳል»፣ «ይወጣል»፣ «እኩል ነው»፤ ከነዚህ አንዱን ስታገኙ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት። ምን ሆነ? ምን ያህል ሆነ? በሁለቱ መሃል = ነው።

«አንድ ቁጥር ለ6 ሲካፈል ውጤቱ ከቁጥሩ በ20 ያንሳል።» ምን? የመካፈሉ ውጤት፣ ሀ/6። ምን ያህል? ከቁጥሩ በ20 ያነሰ፣ ሀ − 20። ስለዚህ ሀ/6 = ሀ − 20። ሁለቱንም ወገን በ6 አባዙ፦ ሀ = 6ሀ − 120፤ 5ሀ = 120፤ ሀ = 24። እዚህ ሲባዛ 20ን ረስቶ 6ሀ − 20 የሚጽፍ አለ። የቀኙ ወገን ሁለት አባላት አሉት፤ 6 ሁለቱንም ያገኛል። ፍተሻው 24/6 = 4፣ 24 − 20 = 4።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በ20 ያንሳል» እና «ከ20 ያንሳል» እንዳይምታቱባችሁ። «ከቁጥሩ በ20 ያንሳል» ልዩነቱን በትክክል ስለሚነግር እኩልታ ነው። «ድርሻው ከ20 ያንሳል» ግን ሀ/6 < 20 ነው፤ እኩልነት የለበትም፤ ብዙ መልስ አለው። አንዲት «በ» ናት የምትለያቸው።

ቀሪ ያለበት

«አንድ ቁጥር ለ7 ሲካፈል ድርሻው 5፣ ቀሪው 3 ነው።» እዚህ ላይ ሀ/7 = 5 + 3 የሚል መልስ ታያላችሁ፤ ከዚያ 56 ይወጣል። 56 ደግሞ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በራሱ ይጋለጣል። ቀሪው 3 ገና ለ7 ያልተካፈለ ነው፤ ድርሻው 5 ግን የተካፈለ። ያልተቆረሰውንና የተቆረሰውን አንድ ላይ መደመር አይቻልም። ትክክሉ፦

ሀ = 7 × 5 + 3 = 38

ወይም በክፍልፋይ ሀ/7 = 5 + 3/7። ቀሪ ያለበትን ጥያቄ ከመጀመሪያው ክፍልፋይ ሳያደርጉ በማባዛት መልክ መጻፍ ይሻላል። ቀሪው ከአካፋዩ የግድ ማነሱም ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ለ7 ተካፍሎ ቀሪው 9 ከሆነ አንድ ዙር ሳይካፈል ቀርቷል።

አንድ ረዘም ያለ ጥያቄ

«ጓደኛሞች በ960 ብር ኮንትራት መኪና ይዘው ወጪውን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ሁለቱ ሳይመጡ ሲቀሩ በተገኙት ላይ ለእያንዳንዳቸው 40 ብር ተጨመረባቸው። መጀመሪያ ስንት ነበሩ?»

ሰ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ብዛት ይሁን። «ሰ ሰዎቹ ናቸው» አትበሉ፤ «ሰ የሰዎቹ ቁጥር ነው» በሉ። ለምን እንደማጠብቀው ወደ በኋላ ታያላችሁ። መጀመሪያ የታሰበው ለእያንዳንዱ 960/ሰ፤ ሁለት ከቀሩ በኋላ 960/(ሰ − 2)። አሁን የቱ ይበልጣል? ሰው ሲያንስ ለአንዱ የሚደርሰው ክፍያ ይጨምራል። ስለዚህ 40 የሚደመረው በትንሹ ላይ፣ በመጀመሪያው ላይ ነው፦

960/(ሰ − 2) = 960/ሰ + 40

40ን በግራ በኩል የሚደምር ሰው «ተጨመረ» የሚለውን አዲሱ ክፍያ ላይ መለጠፉ ነው። አዲሱ ክፍያ ጭማሪውን ቀድሞ ይዟል። ሁለቱን ወገን በሰ(ሰ − 2) ስናባዛ 960ሰ = 960ሰ − 1920 + 40ሰ² − 80ሰ ይሆናል፤ ሲጣራና ለ40 ሲካፈል ሰ² − 2ሰ − 48 = 0፤ ማለትም (ሰ − 8)(ሰ + 6) = 0። −6 ሰው ስለሌለ ሰ = 8። ለ8 ሲካፈል 120፣ ለ6 ሲካፈል 160፤ ልዩነቱ 40።

«ሰ ቁጥር ነው እንጂ ሰዎቹ አይደለም» ያልኩት በምክንያት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ለአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ተሰጣቸው፤ የተማሪዎቹ ብዛት የፕሮፌሰሮቹ ስድስት እጥፍ ነው፣ በእኩልታ ጻፉ ተባሉ። ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ፤ የተለመደው ስህተትም ስድስቱን ከተማሪዎቹ ፊደል ጎን መለጠፍ ነበር። የተማሪዎቹን ብዛት ተ፣ የፕሮፌሰሮቹን ብዛት ፐ ብንል ትክክሉ ተ = 6ፐ ነው፤ በማካፈል ሲጻፍ ፐ = ተ/6። የሳቱት 6ተ = ፐ ይላሉ፤ «ስድስት ተማሪ ለአንድ ፕሮፌሰር» የሚለውን ሥዕል እያዩ ፊደሉን እንደ ሰው ቆጠሩት። ፊደሉ የሰዎች ምህጻረ ቃል ሲመስል ይህ ስህተት ይበረታል።

መፈተሻው

ሐረጉን ከጻፋችሁ በኋላ ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩ። ቁጥሩ ግን መመረጥ አለበት። «ሀ ለ6 ሲካፈል»ን በሀ = 6 ብትፈትሹት ሀ/6ም 6/ሀም 1 ይሰጣሉ፤ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል። 0 እና 1ም ብዙ ነገር ይደብቃሉ። 2ን መምረጥም አደጋ አለው፤ 2 + 2 እና 2 × 2 እኩል ናቸው። ለ6 የሚካፈል ግን ከ6 የራቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ 30 ውሰዱ። ከዚያ አማርኛውን ብቻ እያነበባችሁ በቃል ሥሩ፤ ቀጥሎ የጻፋችሁትን መግለጫ ብቻ እያያችሁ ሥሩ። ሁለቱ ካልገጠሙ የተበላሸው ትርጉሙ ነው።

ከእንግሊዝኛ ጋር ሲገናኙ

በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአሜሪካ ልጃቸውን የቤት ሥራ የሚያግዙ ወላጆችም ሐረጉን የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ቅጥያ እዚያ የለም፤ የቃሉ ተራና መስተዋድዱ ይተኩታል። «ዘ ኩዎሸንት ኦፍ» ካለ ቀድሞ የተጠራው ከላይ ነው፤ ከእኛው «የሀ እና የ5 ድርሻ» ጋር አንድ ነው። «ዲቫይድድ ባይ» ካለ ከ«ባይ» ኋላ ያለው ከታች ነው፤ «ባይ»ን የእኛ «ለ» አድርጋችሁ ያዙት። «ፐር»ም ከኋላው ያለውን ወደ ታች ይሰዳል።

«ዲቫይድድ ኢንቱ» ነው የሚያምሰው። «ፋይቭ ዲቫይድድ ኢንቱ ኤክስ» ካለ 5 ከታች፣ ኤክስ ከላይ ነው፤ «5 ኤክስን ሲያካፍል» ማለት ነው። ነገር ግን «ዲቫይድ ኤክስ ኢንቱ ፋይቭ ኢኳል ፓርትስ» ካለ ከ«ኢንቱ» ኋላ ያለው 5 ነው፤ አሁንም 5 ከታች ነው። ስለዚህ ከ«ኢንቱ» በኋላ «ፓርትስ» ወይም «ግሩፕስ» መኖሩን ፈልጉ፤ ካለ ቁጥሩ አካፋይ፣ ከሌለ ተካፋይ ነው። ወላጅ ከሆናችሁ ልጁ መጀመሪያ ሐረጉን በአማርኛ ይንገራችሁ። «ለ»ን የት እንዳስቀመጠ በመስማት ብቻ ገብቶት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መለማመጃ እነሆ፤ በወረቀት ሸፍናችሁ ሞክሩ።

«የሀ እና የ9 ልዩነት ለ4 ሲካፈል 5 ይሆናል»፦ (ሀ − 9)/4 = 5፣ ሀ = 29።
«ሀ ለ4 ተካፍሎ 9 ሲቀነስለት 5 ይሆናል»፦ ሀ/4 − 9 = 5፣ ሀ = 56።
«48ን ሀ ሲያካፍል ድርሻው የሀ ሦስት እጥፍ ነው»፦ 48/ሀ = 3ሀ፤ ሀ² = 16፤ 4 ብቻ ሳይሆን −4ም መልስ ነው።
«ሀ ሠራተኞች 1500 ብር እኩል ተካፍለው እያንዳንዳቸው 50 ብር ለምሳ ሲያወጡ 200 ብር ቀራቸው»፦ 1500/ሀ − 50 = 200፣ ሀ = 6።
«አንድ ቁጥር ለ9 ሲካፈል ድርሻውና ቀሪው እኩል ናቸው፤ ድርሻው መ ነው»፦ ሀ = 9መ + መ = 10መ። መ ከ9 የግድ ስለሚያንስ ከ10 እስከ 80 ያሉት ሙሉ አሥሮች በሙሉ መልስ ናቸው። 90ን የጨመረ ሰው ቀሪው 9 ሊሆን እንደማይችል ረስቷል፤ 0ን የጨመረ ግን አልተሳሳተም።